በሰዓት የሚጻፍ ድርሰት መሐል ላይ ሲቋረጥ

በክፍል ውስጥ በተወሰነ ሰዓት የሚጻፍ ድርሰት ከምርጫ ጥያቄ ይልቅ በመቋረጥ ይጎዳል። የምርጫ ጥያቄ በመሥራት ላይ ያለ ተማሪ ድንገት ቢቋረጥ የሚጠፋው የአንዱ ጥያቄ ሐሳብ ነው፤ ቀጣዩ ራሱን የቻለ ስለሆነ ጉዳቱ እዚያው ይቆማል። የድርሰት ዓረፍተ ነገር ግን ከእሱ በፊት የመጣውን ይዞ ለሚከተለው መንገድ ይከፍታል። በር ሲንኳኳ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ፈታኙ ማስታወቂያ ሲናገር ያ ሰንሰለት ይበጠሳል።

አሜሪካውያኑ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ በ1981 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ጸሐፊ መጀመሪያ አቅዶ፣ ቀጥሎ ጽፎ፣ በመጨረሻ አርሞ አይጨርስም፤ ሦስቱን እያፈራረቀ ነው የሚሠራቸው። እጁ አንዱን ቃል ሲጽፍ አእምሮው የሚቀጥለውን ሐረግ፣ የአንቀጹን ፍሬ ነገርና የቀረውን ሰዓት ይዟል። አእምሮ ለአፍታ መያዝ የሚችለው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ አዲስ ጉዳይ ሲገባ የነበረው ይወጣል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አይጠፋም፤ ገና ያልተጻፈው ግን ይጠፋል።

በቨርጂኒያ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሳይረስ ፎሩጊና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት መቋረጥ ድርሰትን ይጎዳ እንደሆነ ፈትኗል። ተሳታፊዎች ቢጋር አውጥተው ድርሰት ጻፉ፤ አንዳንዴ ቢጋሩ ላይ፣ አንዳንዴ ጽሕፈቱ ላይ፣ ከድርሰቱ ጋር በማይገናኝ ሥራ ተቋረጡ። በጽሕፈቱ መሐል ሲቋረጡ ድርሰቱ አጠረ፤ ጥራቱም ወረደ። ቢጋሩ ላይ ሲቋረጡ ግን ርዝመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳያሳይ ጥራቱ ብቻ ቀነሰ። ስለዚህ የድርሰቱን ርዝመት አይቶ «አልተጎዳም» ማለት ያሳስታል። ገጹ ሞልቶ ሐሳቡ ሊላላ ይችላል።

ተማሪው ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ቢጋሩን በአጭሩ መጻፍ ይበጀዋል፤ ከተቋረጠ በኋላ የሚመራው እሱ ነውና። ሲጠሩት ቀና ከማለቱ በፊት ቀጥሎ የሚመጣውን ሐሳብ በሁለት ሦስት ቃል ጠርዝ ላይ ቢያሰፍር፣ ሲመለስ ከዚያ ይነሳል። ሲመለስም ወዲያው ብዕር ከማንሳት፣ ቢጋሩንና የመጨረሻውን አንቀጽ ደግሞ ማንበብ ይሻላል።

የፈታኙ ድርሻ ከዚህ ይበልጣል። ስም መጥራት፣ የጥያቄ እርማትና ማስታወቂያ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ከተፈጠረ ሥራው የቆመበትንና የቀጠለበትን ሰዓት መዝግቦ የጠፋውን ደቂቃ መመለስ፣ በላዩም ተማሪው የጻፈውን የሚያነብበት ጥቂት ጊዜ መጨመር ተገቢ ነው። የጠፋውን ደቂቃ ብቻ መመለስ የተበጠሰውን ሐሳብ አይመልስም።