አንድ ትልቅ ቤት ወይስ ብዙ ትናንሽ ጎጆዎች? ልጆቻችን በሀይቴክ የሚከራከሩበት ጥያቄ

ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው በሀይቴክ የሚሠራ ወላጆች ስለ ሥራው ሲጠየቁ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ከማለት አያልፉም። ልጆቹም ቢሆኑ ለማስረዳት ይቸገራሉ። ይሁን እንጂ በሥራ ቦታቸው አጥብቀው ከሚከራከሩባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ በሕይወቱ ቤት ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሲሠራ ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር ማድረግ ይሻላል ወይስ እያንዳንዱን ሥራ ለየብቻው መክፈል? የመጀመሪያውን «ሞኖሊት» ይሉታል፣ ሁለተኛውን «ማይክሮሰርቪስ»።

ነገሩ የባለሙያ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከኩፓት ሆሊም ቶር ስንይዝ፣ ከባንክ ገንዘብ ስናስተላልፍ፣ አውቶቡስ ላይ በስልክ ስንከፍል ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። አንድ ቀን ስልኩ «አሁን አይቻልም፣ ቆይተው ይሞክሩ» ሲለን፣ የቆመው ሁሉም ነገር ነው ወይስ አንዱ ክፍል ብቻ? ስንት ሰዓትስ ይቆያል? መልሱ በአብዛኛው ፕሮግራሙ ሲሠራ ከተመረጠው መንገድ ጋር የተያያዘ ነው።

የአገር ቤቱ ግቢ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ በአገር ቤት የምናውቀውን ግቢ እናስታውስ። አዲስ ጎጆ የወጣ ሰው ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር ያደርጋል። ምድጃው መሃል ነው፣ እህሉ ጓዳ ነው፣ ጥጃውም እዚያው በጎን ታስሮ ያድራል። ለመሥራት ቀላል ነው፣ የሚፈለገው ነገር ሁሉ እጅ ላይ ነው። ግን ከምድጃው እሳት ከተነሣ እህሉም አይተርፍም። ኑሮው ሲደላደል ማድቤቱን ለብቻ ይሠራል፣ ጎተራውን ራቅ ያደርጋል፣ ለከብቱም በረት ያበጃል። አሁን እሳት ቢነሣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። በዚያው ልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ በክረምት ወጡን ይዞ በዝናብ መመላለስ አለ፣ ጣራው አራት ከሆነም ክዳን የሚታደሰው አራት ጊዜ ነው።

ፕሮግራሙም እንደዚሁ ነው። በሞኖሊት ምዝገባው፣ ክፍያውና መልእክቱ ሁሉ አንድ ላይ ተጽፈው አንድ ላይ ይሠራሉ። ፈጣን ነው፣ ሲበላሽም የሚፈተሸው አንድ ቦታ ነው። ችግሩ አንዱ ክፍል ውስጥ የገባች ትንሽ ስሕተት ሁሉንም ልታቆም ትችላለች፣ አንዲት መስመር ለመለወጥም ሙሉውን ፕሮግራም እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል። በማይክሮሰርቪስ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሠራል፣ የራሱ የመረጃ ቋት ይኖረዋል፣ ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በኔትወርክ ነው። አንዱን ለመለወጥ ሌላውን ማቆም አያስፈልግም።

ለምን ከፋፈሉት?

የአሜሪካው ኔትፍሊክስ በ2008 ብዙ ሥራው የፊልም ዲቪዲ በፖስታ እየላከ ማከራየት ነበር። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር ዋናው የመረጃ ቋቱ ተበላሸና ለሦስት ቀን ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ አልቻለም። አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ቤቱ ሁሉ ወደቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ አማዞን ክላውድ ለማዛወር ወሰነ፣ ትልቁን ፕሮግራምም በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፈለው። ዝውውሩ ተጠናቀቀ የተባለው በ2016 መጀመሪያ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው። ጥቅሙ ግን ታይቷል፦ «ይህን ፊልም ቢያዩት» ብሎ የሚመክረው ክፍል ቢቆም እንኳ ፊልሙን የሚያሳየው ክፍል ሥራውን መቀጠል ይችላል።

እዚሁ እስራኤልም ምሳሌ አለን። በ2006 የተቋቋመው የቴል አቪቩ ዊክስ ሰዎች የራሳቸውን ድረ-ገጽ እንዲሠሩ የሚያስችል ኩባንያ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ፕሮግራም ነበር፦ ባለቤቱ ድረ-ገጹን የሚያዘጋጅበትም፣ ያለቀው ድረ-ገጽ ለጎብኚ የሚታይበትም። ስለዚህ በማዘጋጃው በኩል የተደረገ ለውጥ ሲሳሳት፣ ምንም ያልነካ ባለሱቅ ድረ-ገጹ አብሮ ሊቆምበት ይችል ነበር። መፍትሔው ወዲያው መቶ ቦታ መበተን አልነበረም። መጀመሪያ ሁለት ቦታ ብቻ ከፈሉት፦ ማዘጋጃውን ለብቻ፣ ማሳያውን ለብቻ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው እያደገ ሲሄድ ክፍሎቹ ከ1,000 በላይ ሆኑ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኼ ነው።

መከፋፈል ዋጋ ያስከፍላል

ከዚህ የተነሣ «ትልልቆቹ ከከፋፈሉ እኛም እንከፋፍል» የሚል ፋሽን መጣ። ብዙዎችም ሒሳቡን ሳያዩ ገቡበት።

ሒሳቡ ይኸው። አንድ ክፍል ከ1,000 ጥያቄዎች 999ኙን በትክክል ይመልሳል እንበል። ጥሩ ነው፣ አንድ ብቻ ነው የሚጠፋው። ነገር ግን ያ ጥያቄ መልስ ለማግኘት 30 እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ማለፍ ካለበት፣ ሌላ መከላከያ ካልተበጀለት በቀር፣ ከ1,000ው 30 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከዚያም በላይ ግማሽ መንገድ የሄደ ሥራ አለ፦ የክፍያው ክፍል ገንዘቡን ቀንሷል፣ የምዝገባው ክፍል ግን ሰውየውን አልመዘገበም። በአንድ ቤት ቢሆን ኖሮ «ወይ ሁለቱም ይሁን ወይ ሁለቱም ይቅር» ማለት ቀላል ነበር። በተለያየ ቤት ግን ለዚህ ብቻ ሌላ ሥራ መሥራት ይጠይቃል።

ሴግመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የደንበኞችን መረጃ ተቀብሎ ለሌሎች ድርጅቶች ያደርሳል። ለእያንዳንዱ መድረሻ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ሲሠራ ከ140 በላይ ደረሱ። በ2018 ራሱ እንደጻፈው፣ ሦስት ኢንጂነሮች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት እነዚህ እንዳይወድቁ በመጠበቅ ነበር። አዲስ ነገር ለመሥራት ጊዜ አልተረፋቸውም። በመጨረሻ ሰብስበው አንድ አደረጉት።

በ2023 ደግሞ ብዙዎችን ያስገረመ ዜና ከአማዞን ፕራይም ቪዲዮ መጣ። የምስሉንና የድምፁን ጥራት የሚቆጣጠረው ቡድን ሥራውን ለብዙ ክፍሎች አከፋፍሎት ነበር። አንዱ ክፍል ምስሎቹን ጎተራ ያስገባል፣ ሌላው ከዚያ ያወጣል፣ ለእያንዳንዱ እርምጃም ይከፈላል። ከታሰበው ሥራ 5 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተው። ሁሉን ወደ አንድ ፕሮግራም ሲያመጡት ወጪው ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይህ የአንድ ቡድን ሥራ እንጂ የፕራይም ቪዲዮ ሁሉ አይደለም። ያስገረመው ግን የክላውድ አገልግሎት ለዓለም የሚሸጠው አማዞን ራሱ፣ ለዚህ ሥራ አንድ ቤት እንደሚሻል መናገሩ ነው።

መጀመሪያ ሰውን ቁጠሩ

ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ የኮምፒውተር ሊቅ በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ነገር የሠራተኞቹን አነጋገርና አከፋፈል እንደሚመስል አስረድቷል። የማይነጋገሩ ሁለት ቡድኖች የሚሠሩት ነገርም የማይነጋገር ሁለት ነገር ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከማሽኑ በፊት የሰው ነው። አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሠሩ ሃያ ጎጆ ምን ያደርግላቸዋል? ማንስ ይጠብቀዋል? አምስት መቶ ሰዎች ግን በአንድ ምድጃ ልብሰል ቢሉ ተራ ሲጠባበቁ ይውላሉ።

በሙያው የታወቀው ማርቲን ፋውለር በ2015 የሰጠው ምክር ዛሬም ይጠቀሳል፦ ፕሮግራሙ አንድ ቀን ትልቅ እንደሚሆን እርግጠኛ ብትሆኑ እንኳ በአንድ ቤት ጀምሩ። ምክንያቱም ማድቤቱ የት መሆን እንዳለበት በደንብ የሚታወቀው ቤቱ ውስጥ ከተኖረ በኋላ ነው። አለቦታው የተገነባን ግድግዳ በአንድ ቤት ውስጥ ማፍረስ ይቻላል፣ የተለያዩ ቤቶችን ማዛወር ግን ከባድ ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ። ለነጋዴዎች የኢንተርኔት ሱቅ የሚያቀርበው የካናዳው ሾፒፋይ ዋናውን ፕሮግራሙን አንድ አድርጎ ጠብቆ፣ በውስጡ ግን ክፍሎችን በግድግዳ ለየ። ጣራው አንድ፣ ክፍሉ ብዙ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ በር አለው።

ዓሙታ ፕሮግራም ሲገዛ

ይህ ነገር ወደ ደጃችን የሚመጣበት ጊዜ አለ። ብዙ አባቶችና እናቶች በማኅበር ወይም በዓሙታ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው የሕዝብን ገንዘብ ያዝዛሉ። አባላትን የሚመዘግብ፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ይሠራልን ሲባል፣ የሚሸጠው ሰው የማናውቃቸውን ቃላት ሊደረድር ይችላል። ቃላቱን ማወቅ ግዴታ አይደለም። አራት ነገር መጠየቅ ግን ይገባል፦

አንደኛ፣ ይህን ፕሮግራም በየቀኑ የሚጠብቁት ስንት ሰዎች ናቸው? አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ አንድ ቤት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ክፍያው ቢቆም ምዝገባው ይቀጥላል ወይስ ሁሉም አብሮ ይቆማል? አብሮ ከቆመስ በስንት ሰዓት ይነሣል?

ሦስተኛ፣ ለሰርቨርና ለክላውድ በየወሩ የሚከፈለው ስንት ነው? አባላት ሲበዙስ ስንት ይሆናል?

አራተኛ፣ ነገ ብናድግ አንዱን ክፍል ሌላውን ሳናፈርስ ለብቻ ማውጣት ይቻላል?

ለእነዚህ በግልጽ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቃል። «ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ ግን፣ ውል ከመፈረም በፊት በሀይቴክ ከሚሠሩት ልጆቻችን አንዱን ኮሚቴው ጋ አስቀምጦ እንደገና ማስጠየቅ ያዋጣል።