ጒልበትን የሚያድን ብልኀት

ሥራ የሚቃለለው በጒልበት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በብልኀትም ነው እንጂ። በላስታ በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተመለከተ ሰው ይህን ያስተውላል።

አለት የሚጠርበው መሮ የሽብልቅ ወገን ነው፤ ስለቱ ቀጭን በመሆኑ የመዶሻውን ምት በጠባብ ስፍራ ሰብስቦ አለቱን ይፈለፍለዋል። ከ10 ሜትር በላይ ጠልቆ ወደሚገኘው ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ደጅ የሚያወርደውም መንገድ፥ ገደል እንዳይሆን በአለቱ ውስጥ በዘቅዛቃ የተፈለፈለ ነው።

ዲጅኖም እንዲሁ ይረዳል። 100 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ከመደገፊያው አንድ ክንድ፥ የሠራተኛው እጅ ግን አራት ክንድ ቢርቅ፥ ለማንሣት የ25 ኪሎ ያህል ጒልበት ይበቃል። ነገር ግን ድንጋዩ አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል እጁ አራት ስንዝር ዝቅ ማለት አለበት። የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዴስ ይህን ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አስረድቶታል። እንግዲህ መሣሪያ ሥራውን አያጠፋውም፤ በርቀት እያካፈለ ያቀለዋል እንጂ።

ይህም ለየቤታችን ምክር ይሆነናል። በላስታ ዳገት ውሃ አዝላ የምትወጣ ሴት በቀጥተኛው አቋራጭ ብትሄድ ጒልበቷ ይዝላል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ብትወጣ ግን ሸክሙና ከፍታው ያው ሳለ እርምጃዋ ይቀላታል።

ስለዚህ የቤት ጌታ ሠራተኛውን ሰነፍህ ብሎ ከመቈጣቱ አስቀድሞ፥ «መንገዱን ጠርጌለታለሁን? መሣሪያስ ሰጥቼዋለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የታዛዥ ጀርባ የሚጠበቀው በአዛዡ አሳብ ነውና።