በሕፃንነቱ ስለ ተጋረደ ዓይንና ብርሃኑ ስለሚመለስበት ጊዜ

ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ የተሟላ ቢሆንም ማየትን ገና አልተማረም። ዓይን ብርሃንን ይቀበላል እንጂ የታየውን ለይቶ የሚያውቀው አንጎል ነውና። አንጎልም ይህን ሥራ የሚማረው በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ ዓይን በሞራ ቢጋረድ፥ ወይም ቆቡ ወድቆ ብሌኑን ቢከድነው፥ ያ ዓይን ሳይማር ይቀራል። ኋላ ሐኪም ሞራውን ቢገፈው እንኳ፥ ዓይኑ ጤነኛ መስሎ ሳለ ልጁ በእርሱ አጥርቶ አያይም። ይህንን ሕመም ሐኪሞች አምብሊዮፒያ ይሉታል።

ነገሩ በግልጥ የታወቀው በድመት ግልገሎች ነው። ቶርስተን ዊዝልና ዴቪድ ሁብል የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የግልገሎችን የአንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ዘጉ፤ ያገኙትንም በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. አሳተሙ (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ስፌቱ ሲፈታ፥ በአንጎል ውስጥ ማየትን ከሚያገለግሉት ሕዋሳት ለዚያ ዓይን የሚመልሱት እጅግ ጥቂቶች ሆነው ተገኙ፤ የቀሩት ክፍት ለነበረው ዓይን አድረው ነበር። ያደገች ድመት ዓይን ቢዘጋ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲዘጉ ጉዳቱ ከታሰበው ያነሰ መሆኑ ነው። በአንድ ርስት ላይ ያሉ ሁለት ወንድማማች አንዱ ሲርቅ ሌላው ድንበር ገፍቶ እንደሚያርስ፥ ዓይኖችም በአንጎል ውስጥ ስለ ቦታ ይሻማሉ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1981 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

እንግዲህ የተገፋው ድንበር ይመለሳልን? በ1974 ዓ.ም. ብሌክሞርና ቫን ስላይተርስ የተባሉ መርማሪዎች መልሱን አሳተሙ። ግልገሉ 5 ሳምንት ሲሆነው የተዘጋው ዓይን ተከፍቶ ደኅናው በተራው ሲዘጋ፥ ሕዋሳቱ ፈጽመው ወደ ተከፈተው ዓይን ዞሩ፤ በ14ኛው ሳምንት ግን ይህ አልሆነም። ስለዚህ ዓይኑን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ደኅናውን ማሳረፍ ያስፈልጋል፥ ያውም ጊዜው ሳያልፍ።

ደኅናውን ዓይን መሸፈን አዲስ ብልሃት አይደለም። የፈረንሳዩ ሊቅ ቡፎን በ1743 ዓ.ም. ጽፎበታል። የሰው ልጅ ጊዜም ከድመት ይረዝማል፤ ቢሆንም እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል። ሲወለድ ጀምሮ አንድ ዓይኑን ወፍራም ሞራ የጋረደው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ገደማ ቢታከም ይሻለዋል፤ ከዚያም መነጽርና መሸፈኛ ለዓመታት ይከተሉታል። ዓይኑ ስለ ሸወረረ ወይም የሁለቱ ዓይኖች ኃይል ስለ ተበላለጠ የደከመበት ልጅ ግን ሰፊ ተስፋ አለው። በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ምርመራ፥ ድካሙ መካከለኛ ለሆነ ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ በቀን 2 ሰዓት መሸፈን 6 ሰዓት ከመሸፈን እንደማያንስ አሳይቷል። ከ7 ዓመት በኋላ ተስፋ የለም ይባል የነበረውም በ2005 ዓ.ም. ተነቅፏል፤ ከ7 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸውና መነጽር፥ መሸፈኛና የዓይን ጠብታ ከተሰጣቸው ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ተሻሽለዋልና።

ክፋቱ ልጁ አለመናገሩ ነው። ደኅናው ዓይን ሁሉን ስለሚያይለት ጉድለቱን አያውቀውም፤ ኋላ ደኅናውን እሾህ ወይም ድንጋይ ቢያጠፋበት ያን ጊዜ ጨለማ ይወርሰዋል። ስለዚህ መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ ዓይን በየተራ በመዳፍ፥ ሳይጫን፥ እየከደነ ከሰሌዳው በእኩል ርቀት ያስነብበው፤ ፊደል ያለየውንም የተሳለ ምልክት ወዴት እንደ ዞረ በእጁ እንዲያሳይ ይጠይቀው። አንዱ ዓይን ከሌላው ቢያንስ ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ። ጡት የሚጠባ ሕፃን አንዱ ዓይኑ ሲከደን ዝም ብሎ፥ ሌላው ሲከደን ቢያለቅስና እጅ ቢገፋ ይህም ምልክት ነው። በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ለታየበት ሕፃን ግን «ሲያድግ ይለቀዋል» የሚለው የሽማግሌ ምክር እጅግ ይጎዳል፤ ነጩ ሞራ ብቻ ሳይሆን ለሕይወቱ የሚያሰጋ ዕጢ ሊሆን ይችላልና ቀን ሳይታለፍ ይወሰድ።

ሐኪም መሸፈኛ ያዘዘለት ተማሪ በመጀመሪያ ፊደሉ ይደበዝዝበታል፥ ባልንጀሮቹም ይዘብቱበታል፤ በዚህም ብዙዎች ጨርቁን ይጥሉታል። መምህሩ በፊት ወንበር ያስቀምጠው፥ ዘባቹንም ይገሥጽ፤ ልጁ በጠርዙ እንዳያሾልቅ መሸፈኛው ከፊቱ ተጣብቆ ይዋል። ወላጆችም ከታዘዘው ሰዓት አያስበልጡ፥ የቀጠሮውንም ቀን አይተዉ፤ በሕፃን ላይ መሸፈኛ ሲበዛ ደኅናው ዓይን በተራው ሊደክም ይችላል።