የስኳር በሽታና የልብ ድካም፦ ስኳርን መቀነስ ብቻውን ለምን አይበቃም?

«የልብ ድካም» ሲባል ልብ መምታት አቆመ ማለት አይደለም። ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲሳነው ፈሳሽ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል፤ ሕመምተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩም ያብጣል። የስኳር በሽታ ሲታከልበት ደግሞ ሆስፒታል የመተኛትም ሆነ የመሞት አደጋው ይጨምራል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

የሁለቱ በሽታዎች ዝምድና ከታወቀ ቆይቷል። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው ወንዶች በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው በሽታው ከሌለባቸው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ የሴቶቹ ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል ነበር።

ጉዳቱ በዋናነት በሦስት መንገዶች ይደርሳል። አንደኛ፣ በሽታው ልብን የሚመግቡትን የደም ቧንቧዎች ያጠብባል። ሁለተኛ፣ በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ የልብን ጡንቻ ያደነድናል፤ የደነደነ ልብ እንደልቡ ስለማይለጠጥ በደም ለመሞላት ይቸገራል። ሦስተኛ፣ የኢንሱሊን ሥራ ሲዳከም ልብ ከስኳር ይልቅ ቅባትን አብዝቶ ይጠቀማል፤ ቅባት ደግሞ ለተመሳሳይ ጉልበት የበለጠ ኦክስጅን ይፈጃል።

ታዲያ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መቀነስ ብቻውን መፍትሔ ይሆናል? መድኃኒቶቹ የሰጡን መልስ «አይሆንም» የሚል ነው። ሮሲግሊታዞን የተባለው መድኃኒት ስኳርን ቢቀንስም ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ስለሚያደርግ የልብ ድካምን ያባብሳል። በአንጻሩ ኢምፓግሊፍሎዚን ኩላሊት ስኳርንና ጨውን በሽንት እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና የልብ ወይም የደም ቧንቧ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል መተኛትን በ35 በመቶ ቀንሷል።

ይበልጥ አስገራሚው ውጤት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የዚሁ ወገን የሆነው ዳፓግሊፍሎዚን የመርጨት አቅማቸው በቀነሰ 4,744 የልብ ድካም ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር፣ የሕመሙን መባባስና በልብና በደም ቧንቧ ሕመም መሞትን በጥቅሉ በ26 በመቶ ቀነሰ። ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት የስኳር በሽታ ያልነበረባቸው ሲሆኑ፣ እነርሱም እንደ ሌሎቹ ተጠቅመዋል። ስለዚህ ልብን የጠቀመው የስኳሩ መቀነስ ብቻ እንዳልነበረ እንረዳለን።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። በቤታችን የስኳር ሕመምተኛ ካለና ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ማታም እግሩ የሚያብጥ ከሆነ፣ «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው። የደሙ ስኳር ልክ ቢሆን እንኳ ልቡ እንዲመረመር ወደ ሐኪም እንውሰደው።