ገበያው በመቶኛ አይቆጠርም
የሙስሊሙ ሸማች አሰፋፈር ከኮልፌ እስከ ጃካርታ

አረፋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኮልፌ መልኩ ይለወጣል። በአጠና ተራ አካባቢ በግና ፍየል በየመንገዱ ዳር ይቆማል፤ ደላላው ከሻጭ ወደ ገዢ ይመላለሳል፤ ልብስ ሻጩ ጀለቢያውንና የልጆቹን ልብስ ከበሩ ላይ ይሰቅላል፤ ባለሱቁም ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት ከመርካቶ ያስጭናል። ይህ ሳምንት ለብዙ ነጋዴ የዓመቱ ትርፍ የሚወሰንበት ነው። ብዙ በግ ያስመጣ ነጋዴ ሳይሸጥለት ከቀረ በበዓሉ ማግስት ዋጋ ይወድቅበታል፤ እስኪሸጥ ድረስም የመኖ ወጪ ይበላዋል። ጥቂት ያስመጣው ደግሞ በዋዜማው ባዶ እጁን ቆሞ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሲሄድ ያያል።

ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ገዢው ስንት ነው? የት ነው የሚኖረው? ገበያ የሚወጣውስ መቼ ነው? ጥያቄዎቹ የሰፈር ይምሰሉ እንጂ ከዱባይ አስመጪ እስከ ሞጆ ቄራ፣ ከአዲስ ባንክ ባለአክሲዮን እስከ ቡና ላኪ ድረስ ሁሉንም የሚመለከቱ ናቸው።

16 ይበልጣል ወይስ 69?

ስለ ሙስሊሙ ሕዝብ አሰፋፈር በየገበያው የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና የቤት ቆጠራ መሠረት ከአዲስ አበባ ነዋሪ ከመቶ 16.2 ያህሉ ሙስሊም ነበር። በሐረሪ ክልል ግን ድርሻው ከመቶ 69 ያህል ነበር። ቁጥሩን እንዲሁ ያየ ሰው የሙስሊሙ ገበያ ያለው ሐረር ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ጥቂት ነው ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም መቶኛው ወደ ሰው ቁጥር ሲመነዘር ሥዕሉ ይገለበጣል። የሐረሪ ክልል ሕዝብ በጠቅላላው ከ183 ሺህ ብዙም ያልበለጠ ስለነበር ሙስሊሙ ወደ 126 ሺህ ነበር። አዲስ አበባ ግን ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስለነበራት ከመቶ 16.2 የተባለው ድርሻ ወደ 443 ሺህ ሰው ይመጣል። ይህም የሐረሪን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው።

በክልሎችም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። አፋር ከመቶ 95 በላይ ሙስሊም የሚኖርበት ክልል ሲሆን ቁጥራቸው 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአማራ ክልል ሙስሊሙ ከመቶ 17 ያህል ቢሆንም ቁጥሩ ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ሶማሌ ከመቶ 98 በላይ ሆኖ ወደ 4.4 ሚሊዮን፣ ኦሮሚያ ደግሞ ከመቶ 48 ያልሞላ ሆኖ ወደ 12.8 ሚሊዮን ሙስሊም ነበራቸው። በሌላ አነጋገር ከኢትዮጵያ ሙስሊም ግማሽ ያህሉ የሚኖረው ሙስሊሙ ከነዋሪው ግማሽ በማይሞላበት ክልል ውስጥ ነበር።

ድርሻው ቆሞ ሕዝቡ ሲያድግ

መቶኛ የሚያሳስተው ሌላም ቦታ አለ። በ1976ቱ ቆጠራ ሙስሊሙ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 32.9፣ በ1987ቱ 32.8፣ በ1999ኙ ደግሞ 33.9 ነበር። ሲሶ ገደማ ላይ የቆመ ድርሻ ነው። በመቶኛ ብቻ የሚያስብ ነጋዴ ገበያው አላደገም ብሎ ሊተወው ይችላል። ነገር ግን በ1987 ከ17 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሙስሊም በ1999 ከ25 ሚሊዮን አልፏል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰባት ሚሊዮን በላይ አዲስ ሸማች ተጨምሯል ማለት ነው፤ እያንዳንዱም ጫማ፣ ሳሙና፣ ስኳርና የበዓል ልብስ ይፈልጋል።

ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ ዕድገት ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪ በመያዝ በወቅቱ ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት አንደኛ ነበር። የአካባቢው ታሪክ ከመርካቶ ጋር የተሳሰረ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ከተማዋን ይዞ በነበረበት ጊዜ የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲያቋቁም ነጋዴውም ተከትሎ ሄደ፤ ታላቁ አንዋር መስጊድም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ከስልጤና ከጉራጌ አገር የመጣው ነጋዴ በመርካቶ ሱቅ ሲከፍት ቤቱን ከዚያ በስተምዕራብ ሠራ። እያደርም ኮልፌ የመርካቶ ነጋዴ መኖሪያ፣ ራሱን የቻለ ገበያም ሆነ። የኮልፌ የሙስሊም መካነ መቃብርም የሚገኘው እዚሁ ነው።

ሙስሊሙ በከተማና በገበያ ዙሪያ የመስፈሩ ነገር በመርካቶ የተጀመረ አይደለም። በሰሜኑ ደጋ በብዙ ሥፍራ ርስት ለሙስሊሙ ዝግ ስለነበር መተዳደሪያው ንግድና ሽመና ሆኖ ቆይቷል። ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ሲወሰን አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈራቸው የነጋዴ መንደር ነበር። ከምጽዋና ከዘይላ ወደብ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ ባለፈበት መንገድ ሁሉ ሃይማኖቱም አብሮ ተጉዟል። በዚህም ምክንያት የሙስሊሙን የአሰፋፈር ካርታ ከድሮ የንግድ መንገዶች ካርታ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በብዙ ቦታ ሲገጥሙ ያገኛቸዋል።

ዓለምስ?

በዓለም ደረጃም የሚታየው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ሙስሊም ቁጥር ሁለት ቢሊዮን ገደማ፣ ከዓለም ሕዝብም አንድ አራተኛው ያህል ነበር። ሙስሊም ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ዐረብ አገር ነው። ይሁንና በዚሁ ማዕከል ስሌት እ.ኤ.አ. በ2010 በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ይኖር የነበረው ከዓለም ሙስሊም አንድ አምስተኛው ብቻ ነበር። ከመቶ 62 ያህሉ በእስያና በፓስፊክ፣ ከመቶ 15 የሚበልጠው ደግሞ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ይኖር ነበር።

በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያዋ ኢንዶኔዥያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባካሄደችው ቆጠራ 207 ሚሊዮን ሙስሊም ተመዝግቧል። እዚያም ቢሆን እስልምናን ያደረሰው ቅመም ፍለጋ የህንድን ውቅያኖስ ያቋርጥ የነበረ ነጋዴ እንጂ ጦር አልነበረም። ህንድ ደግሞ የመቶኛን ማታለል ከሁሉ አጉልታ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ሙስሊሙ ከሕዝቧ ከመቶ 14.2 ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ግን 172 ሚሊዮን ነው። በአገሯ አናሳ የሚባለው ይህ ሕዝብ ከሳውዲ ዐረቢያ ጠቅላላ ነዋሪ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ዝርዝር አትጠፋም። በፒው ግምት እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ ሙስሊም ከ28 ሚሊዮን በላይ ሲሆን የሳውዲ ዐረቢያ 25 ሚሊዮን ያህል ነበር። ለተምር፣ ለጀለቢያ፣ ለሂጃብና ለምንጣፍ አስመጪው የአገር ውስጡ ገበያ ትንሽ አይደለም ማለት ነው። እርግጥ የሰው ቁጥር ብቻውን ኪስ አይሞላም። ሳውዲው በነፍስ ወከፍ የሚያወጣውን የኮልፌው ሸማች አያወጣም። ስለዚህ ቁጥርን ከገቢ ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ላኪው ወደ ውጭ የሚያይበትም ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ በር ሲዘጋ

ላኪው የሚያየው ገበያ ቅርብ ነው። ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ሱዳን ሕዝባቸው ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ከቀይ ባሕር ማዶ የመንና ሳውዲ ዐረቢያ፣ ከዚያም አልፎ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ አሉ። የሞጆና የቢሾፍቱ ዘመናዊ ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ በእስላማዊ ሥርዓት እያረዱ በአውሮፕላን የሚልኩት በዋናነት ወደ ኤምሬትስና ወደ ሳውዲ ነው። ሳውዲ ዐረቢያ የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚገዙ አገሮችም አንዷ ናት። የቁም እንስሳው ደግሞ በጅቡቲና በበርበራ ወደቦች በኩል ለአረፋና ለሐጅ ወቅት ይሻገራል።

በአንድ በር ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከፍል የምሥራቁ አርብቶ አደር ያውቀዋል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው የእንስሳት በሽታ በተከሰተበት በ1990 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳ እንዳይገባ አገደች። በ1993 መጀመሪያ በሽታው በሳውዲና በየመን ሲታይ እገዳው እንደገና መጣ። በጉ የተረባው ለአንድ ገዢ፣ ለአንድ ወቅት ነበርና ሌላ የሚወስደው አልተገኘም። በመሆኑም ሙስሊሙ በዓለም ዙሪያ ተበትኖ መኖሩን ማወቅ ለላኪው የገዢዎቹን ቁጥር ለማብዛት የሚረዳ ዕውቀት ነው።

ጨረቃ የምትቆጣጠረው ገበያ

የት እንዳለ የታወቀ ገዢ መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ አይጠቅምም። የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳንና አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ፤ ዙሩን ጨርሰው ወደነበሩበት ለመመለስ 33 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ የአምናውን ቀን ይዞ ዕቃ ያዘዘ አስመጪ መርከቡ ከበዓሉ በኋላ ሊደርስበት ይችላል።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን ገቡ፤ በ2017ም ጾሞቹ ተደራርበው ነበር። በሌላ ጊዜ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በሁዳዴ ሲዘጋ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሁለቱ ሲገጥሙ ግን ቀን ላይ ፈላጊ የለም፤ ገበያው ወደ አፍጥር ሰዓት ተሰብስቦ ሾርባው፣ ሳምቡሳውና ተምሩ ያኔ ይሸጣል። ይህን ያላሰበ የከብት ነጋዴ የቀን ገበያ ሲጠብቅ ይውላል።

ለኮልፌ ደግሞ የራሱ የሆነ ጉዳይ አለ። ከስልጤና ከጉራጌ የመጣው ሙስሊም አረፋን ከቤተሰቡ ጋር ማክበር ስለሚወድ በበዓሉ ሰሞን ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራና ወራቤ ይጎርፋል። ልብሱን፣ ስኳሩንና ስጦታውን ኮልፌ ገዝቶ በሬውን እዚያው አገሩ የሚገዛ ብዙ ነው። እንግዲህ በዋዜማው ኮልፌ ላይ በግ ይዞ የሚቆም ሻጭ የሚጠብቀው እዚሁ የሚቀረውን ነው፤ ልብስ ሻጩ ግን ሁለቱንም ከዋዜማው ቀደም ብሎ ያገኛል።

ከወለድ ነፃ የሆነው ገንዘብ

ዘግይቶ የተቆጠረ ገበያ ካለ የባንኩ ነው። ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ነጋዴ ለረጅም ዘመን ገንዘቡን በቤቱ፣ በዕቃ ወይም በዕቁብ ሲያዞር ኖሯል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት መመሪያ ያወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ እሱም በነባር ባንኮች ውስጥ በመስኮት ደረጃ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ስለነበር ሙሉ ባንክ ለማቋቋም የተነሱት አደራጆች ዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ በሩ ሲከፈት ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ሲሶ የሚሆን ሕዝብ ባለበት አገር ይህ አገልግሎት እስከዚያ መቆየቱ በቁጥር አለማሰብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

አሮጌው ሚዛን

ይህ ሁሉ ስሌት አንድ እንከን አለበት። በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስከ 2017 ድረስ አልተካሄደም። ከ1999 ወዲህ የአገሪቱ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን አልፏል፤ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክና ቤተል ሌላ መልክ ይዘዋል። ድርሻው እንደ ድሮው ሲሶ ላይ ቆሞ እንኳ ቢሆን ቁጥሩ ከ33 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ፋብሪካ የሚተክለውም፣ ቅርንጫፍ የሚከፍተውም በዚያ በአሮጌ ሚዛን እየመዘነ ነው።

የኮልፌው ደላላ ግን ቆጠራ አይጠብቅም። ከመናኸሪያው የሚወጣውን አውቶቡስ ያያል፤ ጨረቃዋን ይቆጥራል፤ ስንት ቤት እንደሚያርድና ስንቱ አገሩ እንደሚሄድ ጠይቆ ለበግ ነጋዴው ይነግረዋል። ትልቁም ነጋዴ በትልቁ ገበያ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ከመቶ ስንት ናቸው ከማለቱ በፊት ስንት ሰው፣ በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ወር ብሎ ይጠይቅ።