የፕራግ አሮጌ ማዘጋጃ ቤትና ሰዓቱ

በትምህርት ወይም በሥራ ምክንያት ዕድል ገጥሞዎት ወደ ቼኮች ዋና ከተማ ወደ ፕራግ የሄዱ እንደ ሆነ፣ ሻንጣዎን ከሆቴል አሳርፈው በመጀመሪያ የሚሄዱት ወደ አሮጌው ከተማ አደባባይ ነው። በዚያም ሕዝቡ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ሲጠባበቅ ያገኙታል። የሚጠብቀው የማዘጋጃ ቤቱን ሰዓት ነው። (ከዚህ በታች የሚያነቡት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ሰዓቱ ሲሞላ በዐፅም አምሳል የቆመው ሞት ገመዱን ይስባል፤ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ተከፍተው ሐዋርያት አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ያልፋሉ፤ በመጨረሻም ዶሮው ይጮኻል። ይኸው ነው። ሕዝቡም ወዲያው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቡና ቤት ይበተናል። እርስዎ ግን አይቸኩሉ።

በሰሌዳው ዳር ከ1 እስከ 24 በወርቅ ቀለም የተጻፈበትን ቀለበት ይመልከቱ። የጥንት ቦሄሚያ ሰዎች ሰዓት መቍጠር የሚጀምሩት ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። አውሮፓዊው ጎብኚ በዚህ ግራ ይጋባል፤ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» እያለ ያደገ ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል! ልዩነቱ፣ እኛ 12 ላይ ደርሰን እንደገና ከ1 ስንጀምር እነርሱ እስከ 24 መዝለቃቸው ነው። ደግሞም በእኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ስትጠልቅ፣ በፕራግ በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በሰኔ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። ስለዚህ ቀለበቱ ወዲያና ወዲህ እየዞረ ፀሐይን ይከተላል።

ይህን የመሰለ ሥራ በ1410 የሠራው የካዳን ሰው ሚኩላሽ ነው። ሃኑሽ የሚባል ጠቢብ ሠራው፤ ሹማምንቱም ለሌላ ከተማ እንዳይሠራ ዓይኑን አጠፉት ሲባል ብዙ ዘመን ተወርቷል። ወሬውን ተረት ያደረገው አንድ አሮጌ ሰነድ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ከሰዓቱ ይቀድማል። በ1338 ንጉሥ ዮሐንስ ዘሉክሰምበርግ ፈቃድ ሲሰጣቸው፣ ነዋሪዎቹ አዲስ አዳራሽ አላቆሙም፤ የአንድ ባለጸጋ ቤት ገዙ። ቈይተው ጎረቤቱን ጨመሩ፤ ከዚያም የጎረቤቱን ጎረቤት። ስለዚህ ዛሬ ሲያዩት ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ቤቶችን ይመስላል። ከእነዚህ አንዱን፣ ግድግዳው በሥዕል ያጌጠውን፣ የቢሮ ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ሳያየው አይለፍ፤ ቀን በመድን መሥሪያ ቤት እየሠራ ሌሊት ይጽፍ የነበረው ፍራንዝ ካፍካ በልጅነቱ ከ1889 እስከ 1896 የኖረው እዚያ ነው።

አሁን ደግሞ ከግንቡ በስተ ምሥራቅ ወዳለው መሬት ይመልከቱ። በድንጋዩ ንጣፍ ላይ 27 ነጭ መስቀሎች አሉ። የቦሄሚያ መኳንንትና የከተማ ሰዎች በ1618 በሃብስቡርግ ነገሥታት ላይ ተነሥተው በ1620 በነጭ ተራራ ጦርነት ድል ሆኑ። ጁን 21 ቀን 1621 ከመሪዎቹ 27ቱ በዚህ አደባባይ ተገደሉ። ሦስቱ ታላላቅ መሳፍንት፣ ሰባቱ ባላባቶች፣ አሥራ ሰባቱ ተራ የከተማ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ሐኪሙና የዩኒቨርሲቲው አለቃ ያን የሴኒዩስ ይገኝበት ነበር፤ አንገቱን ከመቅላታቸው በፊት ምላሱን ቈረጡት። ተማሪ የሆነ ሁሉ ከዚህ ጥቂት ቢቆም ደግ ነው።

ከግንቡ አጠገብ በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ትልቅ ክንፍ ነበር። ሜይ 8 ቀን 1945፣ የአውሮፓ ጦርነት ሊያበቃ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ፕራግ በጀርመኖች ላይ በተነሣችበት ጊዜ ተቃጠለ። ከእርሱ ጋርም ብዙ ጥንታዊ መዝገብ ዐመድ ሆነ። ሰዓቱ ተጠግኖ በ1948 እንደገና መሥራት ጀመረ፤ መዝገቡን ግን ማን ይጠግነዋል? በቦታው ምን ይሠራ እየተባለ ስንት ጊዜ የንድፍ ውድድር ወጣ፤ አንዱም አልተሠራም። ብዙዎች ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥሩታል፤ ለእኔ ግን ባዶ መቅረቱ ይሻላል።

ዛሬ ቦታው ሣርና ዛፍ ነው። የክንፉ ቅሪት ከግንቡ ተጣብቆ፣ እንደ ተቈረጠ ዳቦ ቀርቷል። እርሱን አይተው ሲያበቁ 70 ሜትር ወደሚሆነው ግንብ በአሳንሰር ይውጡ፤ ከላይ ሆነው ቍልቍል ሲያዩ፣ ሕዝቡ ለሚቀጥለው ሰዓት እንደገና ሲሰበሰብ ያዩታል።