‹‹ግዛ›› ይላል፤ የሚያስረክበው ግን ፈቃድ ነው

ደብረ ታቦር ገበያ ወጥቶ የፋርጣ በግ የገዛ ሰው፣ ሻጩ ከዓመት በኋላ መጥቶ በጉን ከጓሮ ፈትቶ ይወስድብኛል ብሎ አይሰጋም። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቷል፤ በጉን ተረክቧል። ቢያርደውም፣ ቢያረባውም፣ መልሶ ቢሸጠውም ጠያቂ የለበትም። በኢንተርኔት የሚሸጠው የቪዲዮ ጌም ግን የተለየ ገበያ ነው። ገዢው ‹‹ግዛ›› የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ በእጁ የሚገባው ግን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሰጠው ኩባንያ ደግሞ ገዢው ሳያነብ በተስማማበት ውል መሠረት መልሶ ሊሰርዘው ይችላል።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ትናንት ከረንቡላና ጆተኒ ይቀርብባቸው በነበሩ ክፍሎች ዛሬ ፕሌይስቴሽን ደርድሮ በግጥሚያ ወይም በሰዓት ማስከፈል ከአዲስ አበባ እስከ ክልል ከተሞች የተለመደ አነስተኛ ንግድ ሆኗል። የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫና የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሆነችው ደብረ ታቦርም ለዚህ ዓይነቱ ንግድ የሚሆን ወጣት ደንበኛ አላት። ለጌም ቤት ባለቤት ጌሙ መዝናኛ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው፤ ጌሙ በድንገት ሲዘጋ የሚቋረጠው የዕለት ገቢ ነው።

ጨዋታው የቆመበት ቀን

በዓለም ገበያ ክርክሩን ያቀጣጠለው ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበውን ‹‹ዘ ክሩ›› የተሰኘ የመኪና ውድድር ጌም መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024) ሰርቨሩን አጥፍቶ ዘጋው። ጌሙ ያለ ሰርቨር የማይሠራ በመሆኑ በዲስክ የገዙትም ከመዘጋቱ አላመለጡም። ብዙም ሳይቆይ ፈቃዱ ከገዢዎች አካውንት ተነሳ። በካሊፎርኒያ ክስ ሲመሠረትበት ኩባንያው ያቀረበው መከራከሪያ፣ ገዢዎቹ ያገኙት የተወሰነ ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም የሚል ነበር።

ጌሙ በተዘጋበት ወቅት በአማራ ክልል የነበረውን ሁኔታም ማስታወስ ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር ተያይዞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ፈቃዱን በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያረጋግጥ ጌም የያዘ ሰው፣ ኩባንያው ባይሰርዝበትም መስመሩ ሲቋረጥ የገዛው ነገር ከእጁ ይወጣል።

ኢትዮጵያን በቀጥታ የነካው ደግሞ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የተከሰተው ነው። ሶኒ ‹‹ሄልዳይቨርስ 2›› የተባለውን ጌም በስቲም መደብር በኩል የገዙ ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት እንዲያያይዙ ግዴታ ጣለ። ይህ ኔትወርክ ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች በይፋ አይሠራም ነበር። ጌሙ በ177 አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ተነሳ፤ የከፈሉ ሰዎች ሊያሟሉት የማይችሉት ግዴታ ተደቀነባቸው። የገዢዎች ተቃውሞ ሲበረታ ሶኒ በቀናት ውስጥ ግዴታውን አነሳ፤ የሽያጭ ክልከላው ግን ከዚያ በኋላም ቆየ።

ሊዝ እንኳ ዘመን አለው

የከተማ ቦታ የያዘ ባለሀብት ባለቤት ሳይሆን ባለይዞታ መሆንን ያውቃል። ይሁንና ሊዝ ዘመኑ የተጻፈ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት አስቀምጧል። ዘመኑ ሳያልቅ ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ የካሳ ሕግ አለ። የጌም ፈቃድ ግን በግዥ ዋጋ የሚሸጥ፣ ዘመኑ ያልተጻፈ ኪራይ ነው። ነጋዴ ትርፍና ኪሳራውን የሚያሰላው ዕቃው የሚያገለግልበትን ጊዜ ገምቶ ነው፤ ይህ በሌለበት ስሌቱ ከግምት አያልፍም።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ የሚሸጠው ሊሰረዝ የሚችል ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ ‹‹ግዛ›› የሚል ቃል መጠቀምን ከልክላለች። ሕጉ ስረዛውን አያግድም፤ ገዢው አውቆ እንዲገባ ያደርጋል እንጂ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ኩባንያዎች ጌሞችን መጫወት እስከማይቻል ድረስ እንዳይዘጉ የሚጠይቅ የዜጎች ፊርማ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

‹‹ሸማች›› ማን ነው?

በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ፈቃድን ግዥ አስመስሎ መሸጥ ከዚህ ድንጋጌ ጋር ያጋጫል የሚል ክርክር ማንሳት ይቻላል። ችግሩ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው መሆኑ ነው። ጌሙን ለልጁ የገዛ አባት በዚህ ጥላ ሥር ይገባል፤ ለደንበኛ በሰዓት የሚያከራየው የጌም ቤት ባለቤት ግን ሸማች ነኝ ማለት ይቸግረዋል። የኩባንያዎቹ ውልም በአብዛኛው ለግል ጥቅም ብቻ የሚል በመሆኑ ነጋዴው በሁለቱም በኩል ይጋለጣል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ በር ይከፍታል። ሻጭ ገዢውን ሦስተኛ ወገን በሽያጩ ጊዜ በነበረው መብት ተነስቶ ዕቃውን ቢነጥቀው ኃላፊ ነው ይላል። ነገር ግን ድንጋጌው የተጻፈው ለሚጨበጥ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው። ዲስክ ይጨበጣል፤ አካውንት ውስጥ ያለ ፈቃድ ግን አይጨበጥም። ከዚህም በላይ ገዢው የመነጠቅ አደጋ መኖሩን እያወቀ ከገዛ፣ ሻጩ በግልጽ ዋስ ካልሆነ በስተቀር አይጠየቅም።

ብሩን የተቀበለው ማን ነው?

ብር ይዞ ከውጭ መደብር በቀጥታ መግዛት አስቸጋሪ በመሆኑ ገበያው በአማላጅ ይሠራል። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍላል፤ ወይም ደላላ የስጦታ ካርድ፣ አልፎም ለብዙ ሰው የሚካፈል አካውንት በቴሌግራም አስማምቶ ዋጋውን በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበላል። በሌላ አገር አድራሻ የተከፈተ ወይም ለብዙ ሰው የተሸጠ አካውንት የኩባንያውን ውል የሚጥስ በመሆኑ ሲታገድ በውስጡ ያለው ጌም ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ኪሳራው በዋጋም ይባዛል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 60 ዶላር የሚሸጥ ጌም በባንክ ተመን 3,400 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር 120 ብር ሲገባ 7,200 ብር ሆነ። ቀድሞ የከፈለው ብር የተመለሰለት ሰው ያንኑ ጌም መልሶ አይገዛበትም።

ከባሕር ማዶ ያለውን ኩባንያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መክሰስ ዘበት ነው። በእጅ የሚያዘው ብሩን የተቀበለው የአገር ውስጥ ሻጭ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ይያዝ፤ አካውንቱ በማን ስም እንደተከፈተ፣ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለመሥራቱን፣ ፈቃዱ በስንት ወር ውስጥ ቢሰረዝ ሻጩ ምን ያህል እንደሚመልስ፣ የሚመልሰውም በከፈለው ብር ወይስ በዕለቱ የጌሙ ዋጋ እንደሆነ። የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኙንም አያጥፋ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም በዲስክ ከተገኘም ዲስኩን መምረጥ ይበጃል፤ ቢሰለች እንኳ መልሶ ይሸጣል። ይህን የማይቀበል ሻጭ ሲያጋጥም ግን የሚከፈለው ገንዘብ የኪራይ መሆኑን አውቆ የኪራይ ዋጋ መደራደር ነው።